ጃክ ለምን እንጨቱ ላይ አልወጣም? የቆየ ፊልም አብሮ አይቶ የመከራከር አሠራር

አንድ ቅዳሜ ማታ ስድስት ሆነን ስለ ታይታኒክ ፊልም አንድ ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቅን። ጉዳዩ የታወቀው ነው። መርከቧ ሰምጣለች፣ ሮዝ ተንሳፋፊው እንጨት ላይ ተኝታለች፣ ፍቅረኛዋ ጃክ በረዶ ውሃ ውስጥ ነው። «ቢያንስ አይሞክርም ነበር?» አለ አንዱ። «እሷስ ትንሽ ጠጋ አትልም?» አለች ሌላዋ። ድምፅ ከፍ አለ። ቡናው ቀዘቀዘ። በመጨረሻ አንዷ ሰለቻትና ላፕቶፑን ከፍታ ቦታውን አወጣችው።

ጃክ ሞክሯል። እሱም ሊወጣ ሲል እንጨቱ ይገለበጥና ሁለቱም ውሃ ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ በኋላ ነው እሷን ብቻ አውጥቶ እሱ ውሃ ውስጥ የቀረው።

አንድ ሰዓት ሙሉ የተጨቃጨቅነው ፊልሙ ውስጥ በሌለ ነገር ነበር። ሁላችንም «አሥር ጊዜ አይቸዋለሁ» ባዮች ነን። ግን እያንዳንዳችን የምንከራከረው ጭንቅላታችን ውስጥ ስለቀረው ፊልም ነው እንጂ ስለ ታይታኒክ አልነበረም። ይህ አሠራር የመጣው ከዚያ ማታ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ፊልም አይተንበታል፣ እየሠራን እያስተካከልነው መጥተናል።

1. ፊልሙን መምረጥ

መስፈርቱ ቀላል ነው። አብዛኛው ሰው ከአሥር ዓመት በፊት ያየው፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ያልደገመው ይሁን። ባለፈው ወር የታየ ፊልም አይሆንም፣ ገና አልተረሳም። ሁሉም የሚስማማበት ምርጥ ፊልምም አይሆንም። «በጣም ደስ ይላል»፣ «አዎ በጣም» ተባብላችሁ ቤታችሁ ትገባላችሁ።

እኛ የምንፈትነው በቴሌግራም ግሩፓችን ነው። የፊልሙን ስም ጽፈን አንድ ጥያቄ እንጥላለን። «ሮዝ በመጨረሻ የአልማዝ ሐብሉን ባሕር ውስጥ መጣሏ ልክ ነው?» ብለን ስንጽፍ ሁለት ሰው ወዲያው ከተናደደ ፊልሙ አልፏል። ሳቅ ብቻ ከመጣ ሌላ እንፈልጋለን።

የሰው ቁጥር ከአምስት እስከ ስምንት ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ ካለፈ ክርክሩ ወደ ሁለት ሦስት ጨዋታ ይበተናል። ከመካከላችሁ ፊልሙን ጨርሶ ያላየ አንድ ሰው ካለ ደግሞ ወርቅ ነው፣ አትልቀቁት። የእናንተ ትዝታ የሌለበት ዓይን እሱ ብቻ ነው።

ርዝመቱን አስቡ። ታይታኒክ 3 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነው። የሕንዱ ፊልም ሾሌይ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩት ከሆነ አጠር ያለ ፊልም ምረጡ።

2. ወረቀቱ

ከሁሉም ደረጃዎች አንዱን ብቻ ውሰዱ ብባል ይህን እወስዳለሁ።

ፊልሙ ከመከፈቱ በፊት ለእያንዳንዱ ሰው ግማሽ ገጽ ወረቀትና እስክሪብቶ ይሰጠው። ስልክ ይቀመጥ። አራት ጥያቄ ብቻ ነው። ፊልሙ እንዴት ያልቃል? መጀመሪያ ትዝ የሚልህ ቦታ የቱ ነው? ጥፋተኛው ማነው፣ ያደረገውስ ምንድነው? የትና ከማን ጋር አየኸው?

አሥር ደቂቃ ይበቃል። መመካከር የለም። «እኔ ምንም ትዝ አይለኝም» የሚል ሰው አይጠፋም። የማይታወሰውም ነገር ይጻፍ፣ እሱም ማስረጃ ነው። ወረቀቱ ታጥፎ አንድ ዕቃ ውስጥ ይገባል። የእኛ የስኳር ቆርቆሮ ነው። ፊልሙ እስኪያልቅ ማንም አይከፍተውም።

አራተኛው ጥያቄ ለወግ ይመስላል። ግን ብዙ ጊዜ ክርክሩን የሚፈታው እሱ ነው። ታይታኒክ እ.ኤ.አ. በ1997 ወጣ። በቪዲዮ ሲመጣ በሁለት ካሴት ነበር። አንድ ጓደኛችን ሰፈሩ ካለው ካሴት አከራይ የመጀመሪያውን ተከራየ። ሁለተኛው ወጥቷል ተባለ። «ነገ ይመለሳል» ተባለ። ነገ አልተመለሰም። ስለዚህ ልጁ ለረጅም ጊዜ መርከቧ ስትሰምጥ አላየም። ለእሱ ታይታኒክ የፍቅር ፊልም ነበር፣ ጭፈራ ያለበት፣ ደስ የሚል። ኋላ ሙሉውን ቢያይም የመጀመሪያው ስሜት አልለቀቀውም። እኛ ስለ ሞት ስናወራ እሱ ስለ ጭፈራው የሚያወራው ለምን እንደሆነ የገባን ወረቀቱ ሲነበብ ነው።

የእኔ ደግሞ ሌላ ነው። እኛ ቤት ሪሞቱ የታላቅ እህቴ ነበር። ጃክ ሮዝን የሚስልበት ቦታ ሲደርስ እትዬ ዴኩን ታስሮጠዋለች። ሥዕሉ እንዴት እንደተሣለ ያየሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የሮዝ እጮኛ ካል ካዝናው ውስጥ ያገኘው ወረቀት ለምን እንደዚያ እንዳሳበደው አይገባኝም ነበር። ሰውዬው ያለ ምክንያት የሚቆጣ ይመስለኝ ነበር። ጥፋቱ የእትዬ ሪሞት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ልጅ ሆነን አንድ ሕግ ነበረን፤ አክተር አይሞትም። ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን የምናያቸው የድብድብ ፊልሞች ሁሉ ይህን ሕግ ያከብራሉ። ታይታኒክ ጣሰው። ከወረቀቶቹ አንዱ ላይ «ጃክ መሞት አልነበረበትም፣ አክተር ነው» የሚል አግኝተናል። የጻፈው የ41 ዓመት ሰው ነው።

3. የትኛውን ቅጂ?

ይህን ቀድማችሁ አጣሩ፣ አለበለዚያ ሁለት የተለያየ ፊልም ይዛችሁ ትከራከራላችሁ።

ሾሌይን ያላያችሁ ይህን አንቀጽ ዝለሉት። ፊልሙ ሕንድ ውስጥ የወጣው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1975 ነው፣ ኢንዲራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ካወጁ ሁለት ወር ሳይሞላ። መጀመሪያ በተቀረጸው መጨረሻ ታኩር፣ ሁለት እጁን የተቆረጠው ሰውዬ፣ ሽፍታውን ጋባር ሲንግን በእግሩ ረግጦ ይገድለዋል። ሳንሱሩ አልተስማማም። ተቀይሮ ሌላ ተቀረጸ፤ ፖሊስ ይደርስና ጋባር ለሕግ ይሰጣል። ያኔ ሲኒማ ቤት የታየው ይሄኛው ነው። የመጀመሪያው ኋላ ወጥቶ ብዙ ሰው አይቶታል። እንግዲህ አንዱ «ታኩር ገደለው»፣ ሌላው «ፖሊስ ያዘው» ቢል ሁለቱም አልዋሹም። ሁለቱን መጨረሻ ካገኛችሁ ዋናውን እስከ መጨረሻው እዩና ሌላውን ከክርክሩ በፊት አስከትሉ። የትኛው ይሻላል የሚለው ብቻውን አንድ ሰዓት ይወስዳል።

ታይታኒክም ትንሽ ተነክቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 በድጋሚ ሲወጣ ጄምስ ካሜሮን ሮዝ እንጨቱ ላይ ተኝታ የምታየውን ሰማይ ቀይሮታል። የቀድሞው የከዋክብት አቀማመጥ በዚያ ሌሊት ከነበረው ጋር አይገጥምም ብሎ የነዘነዘው የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኒል ዲግራስ ታይሰን ነው። ለክርክሩ ብዙ አይጠቅምም። ግን እንዲህ ዓይነት ነዝናዛ እኛም ጋ አለ።

4. ቀኑና ሰዓቱ

ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሩ። ለረጅም ፊልም ከዚያ አታሳልፉት። ሰው ሳይደክመው መከራከር አለበት።

ፊልሙ ላፕቶፕ ላይ ወይም ፍላሽ ላይ ይጫን። ኢንተርኔት ላይ አትተማመኑ፣ መብራት ላይም ጭምር። ባትሪው ሙሉ ይሁን። ድምፁ ከላፕቶፑ ብቻ ከሆነ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ግማሹን ነው የሚሰማው፣ ስፒከር ከጎረቤትም ቢሆን ተዋሱ።

ውጭ ያለ ጓደኛ በቪዲዮ የሚገባ ከሆነ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉለት። የአክስቴ ልጅ ዋሽንግተን ነው። «11 ሰዓት» ብለን ጻፍንለት። የእኛ የቀኑ 11 ሰዓት በበጋቸው እዚያ ጠዋት 4 ሰዓት ነው፣ በፈረንጅ 10 ማለት ነው። እሱ የፈረንጅ 11 መስሎት «በሰዓቱ ደረስኩ» ብሎ ሲገባ እኛ አንድ ሰዓት አልፈናል። ሰውዬው እዚያ አሥራ ሁለት ዓመት ቢኖርም ሰዓታችንን ረስቶታል ብለን አልጠረጠርንም። በበረዶ ወራታቸው ደግሞ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ ልዩነቱ ከሰባት ወደ ስምንት ይሆናል።

5. እያያችሁ

መከራከር የለም። በጣም ከባዱ ደንብ ይህ ነው። «ቆይ ቆይ፣ አሁን ይመጣል» የሚለው ሰው ሪሞት አይያዝ። ከተቻለ በር አጠገብ ይቀመጥና ቡና ማቀራረብ የእሱ ሥራ ይሁን።

የሚያናድድ ወይም የሚያስገርም ነገር ስታዩ ደቂቃውን ጻፉ። አንድ ቁጥርና ሁለት ቃል ይበቃል። «1:12 ካል፣ ኮት» በቂ ነው። በኋላ «የቱ ጋ?» ሲባል ሰው ሁሉ ወደ ወረቀቱ ያያል፣ ፊልሙን ወደፊት ወደኋላ ማመላለስ ይቀራል።

አንድ ጊዜ ብቻ አቁሙ፣ ግማሽ ላይ። አቦሉ ያኔ ይጠጣ። ፈንዲሻም ያኔ ይቀርብ፣ ከዚያ በፊት ከቀረበ ጸጥ ባለው ቦታ ላይ የሚሰማው መቆርጠም ብቻ ነው።

6. ክርክሩ

መጀመሪያ ቆርቆሮው ይከፈትና ወረቀቶቹ ይነበቡ። ስም ሳይጠራ ይነበብ፣ የማን እንደሆነ መገመት ጨዋታው ነው። እዚህ ጋ ግማሹ ጥያቄ ራሱ ይወጣል። ሦስት ሰው ያንኑ ትዕይንት በስህተት ካስታወሰው ከዚያ ጀምሩ። ለምን ሁላችንም እንደዚያ አስታወስነው?

ከዚያ ጥያቄ ምረጡ። «ፊልሙ ጥሩ ነው?» ጥያቄ አይደለም። ሁለት ወገን ያለው፣ ማስረጃውም ፊልሙ ውስጥ የሚገኝ ጥያቄ ነው የሚያስፈልገው። የእንጨቱ ጉዳይ ከዚህ አንጻር ደካማ ነው። «በር» እንለዋለን እንጂ የበር ጌጥ ክፈፍ ነው፣ ካናዳ ሃሊፋክስ ሙዚየም ውስጥ ያለውን እውነተኛ ስብርባሪ መስሎ የተሠራ። ለፊልሙ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2024 በጨረታ 718,750 ዶላር ተሸጧል። ካሜሮን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2023 በቴሌቪዥን ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስገብቶ አስሞክሯል፣ በአንዱ ሙከራ ጃክ ሊተርፍ ይችል እንደነበር አምኗል። ቦታው ስፋት አላነሰውም፣ ክብደት ነው ያልቻለው። ይህን ካወቃችሁ በኋላ ብዙ የሚቀር ነገር የለም።

የሐብሉ ጉዳይ ግን አያልቅም። እኛ በችሎት መልክ ነው የምናየው። አያቶቻችን «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲሟገቱ በቅሎ ወይም ማር ይወራረዱ ነበር። እኛ የሚቀጥለውን ቅዳሜ ቡና እንወራረዳለን። ተከሳሿ ሮዝ ናት። አንድ ሰው ከሳሽ፣ አንድ ሰው ጠበቃ ይሆናል። ዳኛው በዕድሜ ትልቁ ነው፣ የእኛ ጋሼ ፊልሙን ሲኒማ ኢትዮጵያ ነው ያየሁት ስለሚል ማንም አይቀናቀነውም።

ከሳሽ ተነሣ። ሎቬት፣ የሰመጠ ሀብት ፈላጊው፣ ሐብሉን ሦስት ዓመት ሙሉ ባሕር ሥር ሲፈልግ ኖሯል። ሮዝ አርጅታ የእሱ መርከብ ድረስ በሄሊኮፕተር መጣች፣ ምግቡን በላች፣ ታሪኳን አወራች። ሐብሉ ግን ከእሷ ጋር ነበር። ሰው ሲተኛ ወጥታ ጣለችው። «የልጅ ልጇ እኮ እያስታመመቻት አብራት ነው የመጣችው» አለ። ሰዉ አጉረመረመ። እዚህ አገር ይህ ክስ ቀላል አይደለም። ውርስ ባሕር ውስጥ የጣለ ዘመድ ያለው ሰው ይመስል ሁሉም ተቆጣ።

ጠበቃዋ ነገርን ከሥሩ ብላ ጀመረች። ሐብሉ ለሮዝ የተሰጠ ስጦታ ነው። ካል ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው፣ ከዚያ ኮቱን በገዛ እጁ አለበሳት። ስለዚህ አልሰረቀችም። ጥሩ ነበር። ግን ከመካከላችን ሕግ የተማረችው፣ ፊልሙን ያላየችው፣ እጇን አወጣች። «ኢንሹራንሱስ?»

ጸጥ አለ። ሎቬት ሐብሉ ላይ የደረሰው በድሮ የኢንሹራንስ ሰነድ እንደሆነ ፊልሙ ላይ ይናገራል። የካል አባት ካሳ ጠይቋል፣ በምስጢር ተከፍሎታል። ኩባንያው ከከፈለ ደግሞ ዕቃው የኩባንያው ነው አለች። ጠበቃዋም ከሳሹም የሌላ ሰው ንብረት ላይ ነው ሲጣሉ ያመሹት። ሃያ ስድስት ዓመት ይህን ዓረፍተ ነገር ሁላችንም ሰምተን አልፈነዋል። ጋሼ ችሎቱን ለአሥር ደቂቃ በተኑ።

ለዚህ ነው ሦስት ደንብ የያዝነው። አንደኛ፣ «ፊልሙ ላይ የታለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ትዕይንቱን ያላሳየ ሰው ነጥቡ ይወድቃል። ሁለተኛ፣ ግማሽ ላይ ከሳሽና ጠበቃ ቦታ ይቀያየራሉ። ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ ሁሉም ይቆጣል፣ ኋላ ግን ምርጡ ሙግት የሚመጣው ከዚያ ነው። ሦስተኛ፣ ኢንተርኔት የሚከፈተው መጨረሻ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005ቱ ዲቪዲ ጋር ሎቬት ሐብሉን በእጁ የሚይዝበት ሌላ መጨረሻ ወጥቷል፤ ቀድሞ ያየው ሰው ክርክሩን ይገድለዋል።

ሌላ የሚያከራክር ዓይነት ጥያቄ እውነተኛ ሰው ላይ የሚነሣው ነው። ፊልሙ ውስጥ መኮንኑ መርዶክ ተሳፋሪ ተኩሶ ገድሎ ራሱን ያጠፋል። መርዶክ በእርግጥ የነበረ ሰው ነው፣ መርከቧ ጋር ነው የሞተው። የትውልድ ከተማው ዳልቢቲ፣ ስኮትላንድ፣ ተቃወመች። እ.ኤ.አ. በ1998 ከፊልም ኩባንያው አንድ ኃላፊ ሄዶ ይቅርታ ጠይቆ ለከተማው ትምህርት ቤት 5,000 ፓውንድ ሰጥቷል። ይበቃል? የእኛ ሰው ለሁለት ተከፍሎ ቀርቷል። እኔ አይበቃም ባይ ነኝ። ይቅርታውን የሰማው ከተማው ነው፣ ፊልሙን ያየው ዓለም ሁሉ ነው።

7. ችሎት የማይሆንበት ፊልም

ይህ አሠራር ለሁሉም አይሠራም። አንድ ጊዜ የኃይሌ ገሪማን ጤዛ አወጣን። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘው ነው፣ 140 ደቂቃ ነው። ጀርመን የተማረው አንበርብር በደርግ ጊዜ ይመለሳል፣ ኋላም ገጠር እናቱ ጋ። የመንደሩ ልጆች ለጦር እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ። እኛ እንደ ልማዳችን ከሳሽና ጠበቃ ልንመድብ ስንል ጋሼ ተነሥተው በረንዳ ወጡ። ዘመኑን ኖረውበታል፣ እኛ ግን አልጠየቅናቸውም ነበር።

እንደዚህ ያለ ፊልም ከመረጣችሁ ቀድማችሁ ለብቻ ጠይቁ። «ይህን ልናይ ነው፣ ይመችዎታል?» በቂ ነው። ውርርድ የለም፣ ቦታ መቀያየር የለም። «ማን ነበር ልክ?» አይጠየቅም። «እርስዎ ያኔ የት ነበሩ?» ይጠየቃል፣ ከዚያ ይሰማል። ወረቀቱን ግን አትተዉት። የጋሼን ሌላ ቀን አነበብነው። ስለ ፊልሙ ምንም የለውም። የአንድ ጓደኛቸው ስምና ዓመተ ምሕረት ብቻ ነው።

8. ሲያልቅ

ሰው ጫማውን ከማጥለቁ በፊት በመጀመሪያው ወረቀት ጀርባ አንድ መስመር ይጻፍ፤ ዛሬ ሐሳቤ የተቀየረው የቱ ጋ ነው? ካልተቀየረም ይጻፍ። ቀኑን ጽፋችሁ ቆርቆሮው ውስጥ መልሱት። የመጀመሪያው ካሴት ልጅ የጻፈው፦ «ጭፈራው አሁንም ከሁሉ ይበልጣል። ስለ ኢንሹራንሱ ግን ልክ ነች።»

ቀጣዩን ፊልም የሚመርጠው ውርርዱን የተሸነፈው ነው፣ ቡናውንም እሱ ይዞ ይመጣል። ዘንድሮ ተሸናፊው እኔ ነኝ፣ ሾሌይን መርጫለሁ። ሕግ የተማረችው ጓደኛችን እሱንም አላየችውም። ስለዚህ እስከ ቅዳሜ ግሩፑ ላይ ስለ ሳንቲሙ ማንም ትንፍሽ እንዳይል።